ጎመን ውሃ ይጠላል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ለተማሪዎች ክበብ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በዓይን በማይታይ ጠጉር ስለተሸፈኑ ሰው ሠራሽ ገጾች ያወራል፤ የውሃ ጠብታ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያንከባልላሉ። እኔ «ውሃ የማያስገባ» አልኳቸው። ባልደረባዬ «ውሃ ጠል» ይሻላል ይላል። የቱ ልክ ነው? «ወደ አንድ ወገን ብቻ» የሚለውንስ እንዴት ልበለው?

መልስ፦ አትቀየሙኝ፣ ሁለቱም አልተዋጡልኝም።

ካንቺ ልጀምር። «ውሃ የማያስገባ» ለቆርቆሮና ለቦቲ ጫማ ነው። ውሃው ውስጥ አለመዝለቁን ይናገራል እንጂ ላይ ላዩን ምን እንደሆነ አይነግረንም። ጠዋት ውርጩ ሲቀልጥ ጣሪያሽን እዪው፤ አያስገባም፣ ግን ረጥቧል። አሁን ደግሞ ጓሮ ውረጂና ጎመን ላይ ውሃ አርከፍክፊ። ጠብታው እንደ ጨሌ ድብልብል ብሎ ይንከባለላል፤ የሄደበት ደረቅ ነው። ጽሑፍሽ የሚያወራው ስለዚህኛው ነው። ስለዚህ «የማይረጥብ» በይው።

«ረጠበ» ያልኩት መርጬ ነው። ካፊያ የነካው ነጠላ ይረጥባል፤ ዶፍ ያገኘው ይርሳል፤ ደጅ ያደረው ይበሰብሳል። ሳይንሱ የሚፈልገው የመጀመሪያውን፣ የላይ ላዩን ነው። ስሙንም «እርጥበት» አትበዪ፤ እሱ የአየርና የአፈር ነው። «መርጠብ» ይበቃል።

«ውሃ ጠል» አጭር ነው፤ ከ«ሰው ጠል» ጋር አንድ አሠራር ስላለውም ሰው ቶሎ ይገባዋል። ግን ጠል ጤዛም ነው። ቅዳሴ የሚያውቅ አንባቢ ቀድሞ የሚሰማው ይሄኛው ነው፤ ትርጉሙም ተገለበጠ ማለት ነው። ደግሞ ጎመኑ ውሃ አይጠላም። ውሃው ከጎመኑ ይልቅ እርስ በርሱ ስለሚሳሳብ ነው የሚሰበሰበው። ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ሲበልጥ ገጹ መርጠብ አይወድም እንላለን፤ ከ150 ሲያልፍ ጠብታው ኳስ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ወደ አንድ ወገኑ እንምጣ። «ባለ አንድ አቅጣጫ» የትራፊክ ምልክት ያስመስለዋል። መንዝ ሳለን፣ ልጆች ሆነን፣ የገብስ ዛላ አገዳውን ወደ ላይ አድርገን እጅጌያችን ውስጥ እንከት ነበር። ክንዳችንን ባወዛወዝን ቁጥር ዛላው እየተሳበ ብብት ሥር ይገባል። ልናወርደው ስንጎትት ይነክሳል። በጢሙ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች ሁሉ ወደ ጫፉ ስላዘነበሉ ነው። ገበሬም ሆነ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የሚለብስ ሰው ይህን ነገር የሚገልጽበት ቃል አለው፦ «ጠጉሩን ተከትሎ» እና «በጠጉሩ ተቃራኒ»። ምን አዲስ ቃል ያስፈልገናል?

ሞርፎ የምትባለው ቢራቢሮ ክንፍም እንዲሁ ነው። ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ጠብታው ከገላዋ ወደ ውጭ ይንከባለላል፤ ወደ ገላዋ ሲሉት ግን ፍንክች አይልም። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ አንድ ጎን በዘመሙ እጅግ ቀጫጭን ዘንጎች የተሸፈነ ስስ ሽፋን ተሠርቶ ያንኑ አደረገ።

ይህን ፍንክች አለማለት «መጣበቅ» አትበዪው፤ ሙጫ ያመጣብሻል። ይይዛል፣ ይለቃል በይ፤ የጠብታውና የገጹ ነገር በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «ይህ የማይረጥብ ገጽ ጠብታውን ጠጉሩ ወደ ዘመመበት ይለቀዋል፤ በጠጉሩ ተቃራኒ ሲሆን ይይዘዋል።»

ክበቡ የሚሰበሰበው አዝመራ ሲደርስ ከሆነ አንድ ዛላ ይዘሽ ግቢ። እጅጌው ረዘም ያለ ተማሪ ምረጪ።