አዲስ የአንጎል ሕዋስ ካልበቀለ ክኒኑ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የ34 ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከአምስት ወር ወዲህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና እንቅልፍ ተመልሶ አይወስደኝም፤ ምግብ አይጥመኝም፤ ጠዋት ለታክሲ ተሰልፌ ሳለሁ እንባዬ ያለ ምክንያት ይመጣል። ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ድባቴ እንደሆነ ተነገረኝና በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ 20 ሚሊ ግራም ፍሉኦክሲቲን ታዘዘልኝ። ዛሬ 12ኛ ቀኔ ነው፤ ከማቅለሽለሽ በቀር ያየሁት ለውጥ የለም። አንድ ቦታ መድኃኒቱ የሚሠራው አዲስ የአንጎል ሕዋስ በማብቀል ነው የሚል አነበብኩ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ የአዋቂ ሰው አንጎል አዲስ ሕዋስ ፈጽሞ አያበቅልም ይላል። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ክኒኑ ምን ይሠራልኛል? እናቴም «ተዪውና ጠበል እንሂድ» እያለችኝ ነው።
ስሜ ይቆይ፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ እኅታችን፣ ክኒኑን አሁን አያቋርጡ። ምክንያቱን እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ያነበቧቸው ሁለት ነገሮች ከየት እንደመጡ ላስረዳዎ፤ ሁለቱም ከባዶ የተፈጠሩ አይደሉምና።

ለረጅም ዘመን የሕክምና ተማሪ ሁሉ የሚማረው፣ ሰው ይዞት የተወለደውን የነርቭ ሕዋስ ከዕድሜው ጋር እያጎደለ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም የሚል ነበር። ጆሴፍ አልትማን የተባለው ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዋቂ አይጦች አንጎል ውስጥ አዲስ የተወለዱ የነርቭ ሕዋሳት ማየቱን ቢጽፍም ለዓመታት ሰሚ አላገኘም። ነገሩ በሰው ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የሚከፋፈሉ ሕዋሳትን ለይቶ የሚያሳይ ምልክት አድራጊ ንጥረ ነገር በሕይወት ሳሉ የተሰጣቸው የካንሰር ሕሙማን ካረፉ በኋላ አንጎላቸው ሲመረመር፣ ምልክቱ ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል በሚገኙ የነርቭ ሕዋሳት ላይ ተገኘ። ሂፖካምፐስ በጭንቅላታችን ግራና ቀኝ፣ ከጆሯችን በላይ ጠለቅ ብሎ የሚገኝ፣ ቅርጹ የባሕር ፈረስ ከሚባለው ዓሣ ጋር የሚመሳሰል ክፍል ሲሆን፣ ትዝታን ከመመዝገቡም በላይ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ልክ እንዳያልፍ በመግታት ይሠራል።

ድባቴ ወደዚህ ጉዳይ የገባው በዚሁ በር ነው። ድባቴ ደጋግሞ በጎበኛቸው ሰዎች ላይ ሂፖካምፐስ በአማካይ አነስ ብሎ ተገኘ፤ በእንስሳት ላይ ደግሞ የቆየ ጭንቀት አዳዲስ ሕዋሳትን ሲያመናምን፣ የድባቴ መድኃኒት ለሳምንታት ሲሰጥ ቁጥራቸውን ሲጨምር ታየ። ከሁሉ ይበልጥ የተወራለት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ነው። የራባት አይጥ ብርሃን በበዛበት እንግዳ ሥፍራ ምግብ ሲቀመጥላት፣ ከፍርሃቷ የተነሣ ደፍራ ለመብላት ጊዜ ይወስድባታል፤ ፍሉኦክሲቲን ለሳምንታት ከተሰጣት ግን ቶሎ ትደፍራለች። ተመራማሪዎቹ የአይጦቹን ሂፖካምፐስ በኤክስሬይ መትተው አዲስ ሕዋስ እንዳይበቅልበት ካደረጉ በኋላ ያንኑ መድኃኒት ሲሰጧቸው፣ አይጦቹ እንደ ቀድሞው ከምግቡ ፊት ያመነቱ ጀመር። ያነበቡት የመጀመሪያው ጽሑፍ መነሻው ይህ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የመጣው ከቁጥር ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአየር ላይ የተፈነዱት የኑክሌር ቦምቦች ካርበን 14 የተባለውን ንጥረ ነገር በዓለም አየር ውስጥ አበዙት፤ ከአየር ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ሰው ገባ (የዚያን ዘመን ጤፍም ከዚህ አላመለጠም)። ሕዋስ ሲወለድ በዘረ መሉ ውስጥ የሚያስቀረው የካርበን 14 መጠን የልደት ዘመኑን ስለሚናገር፣ የስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ አስልተው እ.ኤ.አ. በ2013 በአዋቂ ሰው በእያንዳንዱ ሂፖካምፐስ በቀን 700 ያህል አዲስ ሕዋሳት እንደሚጨመሩ ገለጹ። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2018፣ ሌላ ቡድን ከልጅነት በኋላ አንድም አዲስ ሕዋስ አላገኘሁም አለ፤ በዚያው ዓመት ሦስተኛ ቡድን ደግሞ በ70ዎቹ ዕድሜ ባሉ ሰዎች ሳይቀር አግኝቻለሁ አለ። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ አዲሱን ሕዋስ የሚያሳብቀው ፕሮቲን ሰው ካረፈ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ስለሚበላሽ፣ ናሙናው የዘገየ ተመራማሪ ሕዋሱ እያለም ላያየው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የካሮሊንስካ ሰዎች እንዲህ ያሉትን ሕዋሳት የሚወልዱትን እናት ሕዋሳት በአዋቂዎች ሂፖካምፐስ ውስጥ ሲከፋፈሉ እንዳገኙ አስታውቀዋል። እኔ እስከ ዛሬ ካነበብኩት የምገምተው፣ ልደቱ አለ፣ ነገር ግን ጥቂት ነው፣ ከሰው ሰውም ይለያያል የሚለውን ነው።

ይህ ጥቂት ልደት ድባቴን ብቻውን ያስረዳል ወይ? አያስረዳም። የአይጦቹን አዲስ ሕዋስ መከልከል በራሱ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ድባቴ የሚመስል ነገር አያስከትልም። በአገራችን ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣነት የሚታወቀው ኬታሚን ደግሞ በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ የአንዳንድ ሕሙማንን ድባቴ በሰዓታት ውስጥ ያቀልላል፤ አዲስ ሕዋስ ተወልዶ ሥራ ለመጀመር ሳምንታት ስለሚፈልግ፣ ይህ ፈጣን ለውጥ በእርሱ ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ ድባቴን «የአንጎል ሕዋስ ሞት» አድርገው አይሣሉት፤ አንጎልዎ እያለቀ አይደለም።

ለክኒኑ ማስረጃ የሆነውም ቢሆን የሕዋስ ቆጠራ አይደለም። ማስረጃው የመጣው የትኛው እንደደረሳቸው ሳያውቁ ገሚሶቹ ትክክለኛውን መድኃኒት፣ ገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ከወሰዱ ሕሙማን ንጽጽር ነው። እናቶቻችን በእርሾ ውስጥ ሕያው ነገር መኖሩን ሳያውቁ ሊጣቸው ኩፍ ይል ነበር፤ ተመራማሪዎች ስለ አሠራሩ ስለተከራከሩ መድኃኒቱ ሥራውን አይተውም። ፍሉኦክሲቲን ለውጡ መታየት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ሲሆን፣ ረድቷል አልረዳም የሚባለው ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። በ12ኛው ቀን ማቅለሽለሽ ብቻ መታየቱ የሚጠበቅ ነው፤ ከምግብ ጋር ሲወስዱት ይቀልላል፣ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ይጠፋል። ሞትን መመኘት ከመጣብዎ፣ ወይም ዕረፍት የሚነሳ ቁንጥንጥነት ከያዘዎ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይሂዱ።

እናትዎን ማስቀየምም የለብዎትም። ጠበሉን ይጠጡ፣ ይጠመቁም፤ ፍሉኦክሲቲን በቀን አንድ ጊዜ ስለሚዋጥና በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ጾመው ከዋሉ እንደገደፉ ከምግብ ጋር ቢወስዱት ምንም አይጎድልበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ጠበል ቦታ ደርሰው ክኒኑን እዚያው የሚጥሉት ናቸው፤ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ብሶባቸው ሲመለሱ ሕክምናው ከአንድ ይጀመራል።

ሩጫ በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ አዲስ ሕዋሳትን ያበዛል፤ በሰውም ላይ የእግር ጉዞና ሩጫ፣ ሕዋሱን ሳንቆጥር፣ ድባቴን እንደሚያቀልል ታይቷል። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድመው ወርደው ቢራመዱ ይጠቅምዎታል፤ ጎሕ ሳይቀድ መውጣቱን ግን አልመክርም፣ የሠፈርዎን ጅቦች ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቋቸዋል።

የሚቀጥለውን ቀጠሮዎን አልጻፉልንም። የ30 ቀን ክኒን ከተሰጠዎ ቀሪው 18 ቀን ነው፤ ከማለቁ በፊት ሐኪምዎ ዘንድ እንዲቀርቡ፣ እስከዚያም ሌሊት የነቁበትን ሰዓት በግድግዳ ቀን መቁጠሪያው ላይ እየጻፉ እንዲቆዩና ይዘውት እንዲሄዱ እመክራለሁ።