አንድ ጥንድ ስኪ ለመላው ተራራ፦ የሴት አንባቢዎቻችን ጥያቄዎች

ስለ ሴቶች ሁለገብ ስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን አምስቱን መርጠናል። ሁለገብ የምንለው በማሽን በተደለደለ መንገድም፣ ገና ባልተረገጠ በረዶም፣ ጉብታ በበዛበት ቁልቁለትም የሚያገለግለውን ነው፤ ሻጮች «ኦል ማውንቴን» ይሉታል።

ጥያቄ፦ ሦስት ክረምት በኪራይ ስኪ ተንሸራትቻለሁ፤ አሁን የራሴን ልገዛ ነው። ችሎታዬ መካከለኛ ነው። ቁመቴ 165 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቴ 62 ኪሎ። አብዛኛውን ቀን በተደለደለ መንገድ ላይ ነኝ፤ በረዶ በጣለ ማግስት ግን ወደ ዳር መውጣት ያምረኛል። አንድ ሻጭ ወገቡ (የመሃሉ ጠባብ ክፍል ስፋት) 98 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኪ አሳይቶኝ «ይህ ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። ልውሰደው?

መልስ፦ አይውሰዱት። ለእርስዎ ወገቡ ከ82 እስከ 90 ሚሊ ሜትር የሆነ ይበቃዎታል፤ እኛ ብንሆን 88 አካባቢ ያለውን እንመርጣለን።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንይ። ከስኪው ጀርባ ላይ እንደ 127–88–109 ያሉ ሦስት ቁጥሮች ተከታትለው ተጽፈዋል። የአፍንጫው፣ የወገቡና የጭራው ስፋት በሚሊ ሜትር ማለት ናቸው። ከጎናቸው የሚጻፈው «አር 14» ደግሞ የጎኑ ቅርጽ የሚሠራው ክብ ሬዲየስ 14 ሜትር ነው ማለት ነው። ለሴት ሁለገብ ስኪ ከ13 እስከ 16 ሜትር ያለው ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ስኪው አጭር ዙር ይወዳል።

አሁን ወደ ወገቡ እንመለስ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። የስኪ ቦት ሶል ከጣት በኩል በዓለም አቀፉ መስፈርት 69 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። 98 ወገብ ላይ ሲቆም በግራም በቀኝም 14 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ስኪ ይተርፋል፤ 88 ላይ ግን የሚተርፈው 9 ተኩል ነው። ስኪውን አጋድለው ጠርዙን በጠንካራ በረዶ ላይ ሲተክሉ በረዶው ጠርዙን መልሶ ይገፋዋል። ያ ግፊት የሚያርፈው ከእግርዎ መሃል ርቆ ስለሆነ ስኪው ተመልሶ ሊተኛ ይታገላል፤ ትግሉን የሚሸከሙት ቁርጭምጭሚትዎና ጉልበትዎ ናቸው። አምስት ሚሊ ሜትር በወሬ ደረጃ ትንሽ ናት። ከሰዓት በኋላ፣ በረዶው ጠጥሮ እግር በዛለ ጊዜ ግን በደንብ ትታወቃለች። ሰፊ ስኪ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመገልበጥም ጊዜ ይወስዳል።

ያምረኛል ያሉት የበረዶ ማግስትስ? እስከ ቁርጭምጭሚት ለሚደርስ፣ ከዚያም ትንሽ ለሚያልፍ ትኩስ በረዶ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ 88 ስኪ 62 ኪሎ ሰው በደንብ ይሸከማል። ስኪ ከመግዛትዎ በፊት ያለፈውን ክረምት ቀኖች ይቁጠሩ። ከአስሩ ስምንቱ በተደለደለ መንገድ ላይ ካለፉ ስኪው ለእነዚያ ስምንት ቀኖች ይሁን። ከግማሽ በላዩን ከመንገድ ውጭ የሚውሉ ከሆነ ብቻ ወደ 94 እና 98 ይሂዱ። ከ100 በላይ ያለውን እኛ ሁለገብ አንለውም።

በብዙ አምራቾች ዘንድ በስሙ ላይ ያለው ቁጥር ወገቡ ነው፦ ብሊዛርድ ብላክ ፐርል 88፣ ፎልክል ሲክሬት 92፣ ኖርዲካ ሳንታ አና 93። ሆኖም በአንዳንድ ሞዴሎች ርዝመቱ ሲቀየር ወገቡም በአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ስለሚለወጥ፣ የሚገዙት ጥንድ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ «የሴት» የሚባለው ስኪ በእርግጥ የተለየ ነው ወይስ ቀለሙን ብቻ ነው የቀየሩት? ባለቤቴ «የወንዱን ግዢ፣ ይሻልሻል» ይለኛል።

መልስ፦ ሁለቱም ዓይነት ገበያ ላይ አለ። አንዳንዱ ከወንዱ ጋር ከአንድ ሻጋታ የወጣ፣ ቀለሙ ተለውጦ በአጫጭር ርዝመት የቀረበ ነው። አንዳንዱ ግን ልቡ ሌላ ነው፦ ከቢች እንጨት ይልቅ ቀላሉን ፓውሎኒያ ወይም ባልሳ ያበዛል፣ የብረት ንጣፉ ይቀንሳል ወይም በካርቦን ይተካል፣ ቦቱን ከስኪው ጋር የሚያያዘው ማሰሪያ ቦታም ወደ ፊት ጠጋ ይላል። ልዩነቱን ለማወቅ የሁለቱን ሦስት ቁጥሮች፣ የአንዱን ስኪ ክብደት በግራም እና የንጣፎቹን ዝርዝር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሦስቱም አንድ ከሆኑ ልዩነቱ ቀለም ብቻ ነው።

ስለ ብረቱ ትንሽ እንበል፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። «ታይታናል» ስሙ ቲታኒየም ይምሰል እንጂ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ሥራው ንዝረት መዋጥ ነው፤ በጠንካራ በረዶ ላይ በፍጥነት ሲወርዱ ስኪው እንዳይንቀጠቀጥ ይይዘዋል። ክብደትና ግትርነት ግን ይጨምራል። ለቀላል ሴት ከላይም ከታችም ሙሉ የብረት ንጣፍ ያለበት ስኪ አይታጠፍላትም፤ ያልታጠፈ ስኪ ደግሞ ዙር አይሠራም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከ55 ኪሎ በታች ከሆኑ ብረት የሌለበትን ወይም በከፊል ያለበትን ይፈልጉ። ከ75 ኪሎ በላይ ሆነው ፈጣን ከሆኑ ግን ባለቤትዎ እውነታቸውን ነው፤ በርዝመትዎ እስከተገኘ ድረስ የወንዱን ይውሰዱ። በመካከል ላለው ሰው አንድ የብረት ንጣፍ የሚስማማ ይመስለናል።

የማሰሪያው ቦታ በስኪው ላይ በትንሽ መስመር ምልክት ተደርጎበታል። ከዚያ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲያመጡት ስኪው ወደ ዙር መግባት ይቀለዋል፤ ወደ ኋላ ሲሉት በጥልቅ በረዶ አፍንጫው ይነሳል። የሴት ተብሎ የተሠራው ላይ መስመሩ አስቀድሞ ወደ ፊት ስለሚሆን ተጨማሪ አያስጠጉ። የወንዱን ከገዙና ቦትዎ አጭር ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትሩን መሞከር ተገቢ ነው። ሙከራው ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተት ማሰሪያ ይሁን፤ ቀዳዳ አንዴ ከተበሳ በኋላ ምክር አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 170፣ ክብደቴ 55 ኪሎ፣ መካከለኛ ነኝ። አንዱ መደብር 156 ሌላው 170 አለኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም አይመኑ፤ ከ158 እስከ 164 ባለው ውስጥ ይፈልጉ።

ቁመት ለመነሻ ያህል ነው። ስኪውን ቆመው ከጎንዎ ሲያቆሙት ለመካከለኛ ሰው ጫፉ ከአፍንጫ እስከ ግንባር ባለው ይደርሳል፤ ስኪውን የሚያጥፈው ግን ክብደትዎና ፍጥነትዎ ነው። እርስዎ ለቁመትዎ ቀላል ስለሆኑ 170ው ይበዛብዎታል፦ ጭራው ዙሩን አልጨርስም ይላል፣ ጭንዎ ቶሎ ይቃጠላል፣ በጉብታ መካከልም ማዞሪያ ጊዜ ያጣሉ። 156ው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ደስ ይልዎታል፤ ፍጥነት ሲጨምሩ ግን አፍንጫው ይርገበገባል፣ ክብደትዎ ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ባለ ቁጥርም ሚዛን ያስትዎታል።

ከርዝመቱ ጋር አብሮ መታየት ያለበት የስኪው ጎባጣነት ነው። ሁለቱን ስኪዎች ሆድ ለሆድ ገጥመው ከጎን ይመልከቷቸው። መሃላቸው ላይ ክፍተት ይታያል፤ ይህ ካምበር ነው፤ ሲቆሙበት ተጭኖ ጠርዙን በመላ ርዝመቱ በረዶው ላይ ያስነክሳል። አሁን መሃሉን በእጅዎ ጨምቀው ክፍተቱን ይዝጉና ወደ አፍንጫው ይሂዱ። ስኪዎቹ መለያየት የሚጀምሩበትን ቦታ በጣትዎ ይያዙ፤ ከዚያ እስከ ጫፉ ያለው ሮከር ነው፣ በደልዳላ መንገድ ላይ በረዶ አይነካም። ይህ ክፍል ረጅም ከሆነ ስኪው ከተጻፈበት ቁጥር አጥሮ ስለሚሰማዎት ወደ 164ው ይጠጉ። አጭር ከሆነ 158 ይበቃል። ጭራውንም እንዲሁ ይመልከቱ፤ ለእርስዎ ጭራው ትንሽ ብቻ የተነሳ ይሻላል፣ ብዙ ከተነሳ ዙሩ መጨረሻ ላይ ይሸሻል።

እንደ ኢላን ሪፕስቲክ ያሉት ደግሞ ግራና ቀኝ አላቸው፤ የውስጠኛው ጠርዝ ይበልጥ ካምበር፣ የውጨኛው ይበልጥ ሮከር ነው። ሲያነሷቸው እንደ ጫማ ግራና ቀኛቸውን ይለዩ።

ጥያቄ፦ ወገቡ 88 የሆነ ስኪ ገዝቼ፣ የድሮውን ስኪዬን ማሰሪያ ልግጠምበት አሰብኩ። ፍሬኑ 110 ነው። ቦቴ አዲስ ነው፣ ሶሉ ጎማ የበዛበት። ችግር አለው?

መልስ፦ ሁለት ችግር አለው። የፍሬኑ (ስኪው ከእግር ሲወልቅ በረዶው ላይ የሚያቆመው ክንድ) ስፋት ከወገቡ እኩል ወይም እስከ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበልጥ ነው የሚመከረው፤ ለ88 ስኪ 90 ወይም 95 ይበቃል። 110ሩ ከሁለቱም ጎን ወጥቶ ይቆማል፤ ስኪውን ሲያጋድሉ ክንዱ በረዶውን ይቧጥጣል፣ ከሌላው ስኪ ጋርም ይጠላለፋል። ፍሬኑን ብቻ መቀየር የሚቻልባቸው ማሰሪያዎች ስላሉ መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ።

ሁለተኛውና ከባዱ ሶሉ ነው። የተለመደው የአልፓይን ሶል «አይ.ኤስ.ኦ. 5355»፣ ጎማ ያለው ግሪፕዎክ ደግሞ «አይ.ኤስ.ኦ. 23223» ነው። ለመጀመሪያው ብቻ የተሠራ የድሮ ማሰሪያ ግሪፕዎክን በትክክል አይለቅም፤ ገብቶ «ቀጭ» ማለቱ ያታልላል። በማሰሪያው ላይ የግሪፕዎክ ምልክት ከሌለ አይግጠሙት።

የመልቀቂያውን ቁጥር፣ ማለትም ማሰሪያው በምን ያህል ኃይል ቦቱን እንደሚለቅ የሚወስነውን፣ ቴክኒሻን በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በቦቱ ሶል ርዝመትና በአነዳድ ዓይነት ያወጣዋል። ክብደትዎን አይቀንሱ፣ ችሎታዎንም አይጨምሩ። በዚያ ላይ ቁጥርዎ ከማሰሪያው ክልል ዝቅተኛ ጫፍ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ፦ የሚወጣልዎ 4 ከሆነ ከ4 እስከ 11 ካለው ይልቅ ከ3 እስከ 10 ያለውን ይምረጡ። ማሰሪያው ቅልጥምን ከስብራት ለመጠበቅ የተሠራ መሆኑን አይርሱ፤ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ የሚበዛውን የጉልበት ጅማት መበጠስ አያስቀርም።

የሚበሳውም ሰው ስኪው ብረት እንዳለበት ይወቅ። ብረት ላለበት 4.1፣ ለሌለበት 3.6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ነው የሚገባው፤ ይህ በስኪው ላይ ራሱ ተጽፏል። ብረት ያለበትን በ3.6 ቢበሱት ብሎኑ ሲጠብቅ ንጣፉን ወደ ላይ ያነሳዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ ስኪዬ ይይዘኛል። ዙር ልጀምር ስል ጠርዙ ድንገት ይነክሳል፣ ቀስ ስል ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይጎትተኛል። ስኪው ከእኔ በላይ ሆኖ ነው?

መልስ፦ ከስኪው ምርጫ በፊት አሳሳሉን ይመርምሩ፤ እንዲህ ያለ ስኪ በከንቱ ሲሸጥ ያሳዝነናል።

ጥጥ ይያዙና በጠርዙ ርዝመት ያስኪዱት። ጥጡ ከቀረበት ቦታ፣ ሞረድ ትቶት የሄደ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ክር አለ። ባለ 400 የአልማዝ ድንጋይ በውሃ አርጥበው በጎኑ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀላል እጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስኪዱ፤ ከዚያ በሆዱ በኩል ሳይጫኑ አንድ ጊዜ በጎማ ድንጋይ ይሳቡ።

ካልተሻለ ስኪውን ገልብጠው ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በሆዱ ላይ አግድም ያቁሙና ከኋላው መብራት ያብሩ። ብርሃኑ ከመሃል ከታየ ሆዱ ጎድጉዷል፣ ጠርዞቹ ከፍ ብለዋል ማለት ነው፤ የሚነክስዎት ይህ ነው። ብርሃኑ ከዳርና ከዳር ከታየ ደግሞ ሆዱ አብጧል፤ እንዲህ ያለው ይዋልላል እንጂ አይነክስም። ሁለቱንም የሚያስተካክለው የጥገና ቤት የድንጋይ ማሽን ነው። ሲሰጧቸው በሆድ በኩል 1 ዲግሪ፣ በጎን በኩል 2 ዲግሪ ብለው ይዘዙ። የሆዱ ዲግሪ ዜሮ ከሆነ ስኪው ጠፍጣፋ ተኝቶም ጠርዙ በረዶውን እንደነካ ስለሚቆይ፣ አሁን እንደሚሰማዎት ይጎትታል። በሆድ በኩል ያለውን ማዕዘን በየጊዜው በሞረድ አይንኩ፤ ከበዛ የሚመለሰው ሆዱን በሙሉ በመፋቅ ብቻ ነው። ጠርዙ ሲደነዝዝ በቤትዎ የሚሳለው የጎኑ ነው።

ማሽኑ ከጨረሰ በኋላ ሰም ይቀቡት። ካውያው 120 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ከጨሰ በዝቷል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቀዝቅዞ ይቆይ፣ በፕላስቲክ መፋቂያ ይፋቁት፣ ከአፍንጫ ወደ ጭራ በብሩሽ ይጥረጉት። ከዚያ ተንሸራተውበት አሁንም የሚነክስ ከሆነ ከሮከሩ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህሉን በጎማ ድንጋይ ያደንዝዙ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተለወጠ የማሰሪያውን ቦታ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሞክሩ፤ ስኪውን መለወጥ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።