ለልጄ የጎደለው የአንጎል ኬሚካል በኪኒን ይተካል?

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ ማዕድ ላይ እንኳ ጉርሻው በእጁ እንዳለ ያንቀላፋል። እህቱ ስታስቀው ጉልበቱ ይከዳውና አገጩ ተንጠልጥሎ ይወድቃል፤ ወዲያው ተነሥቶ ግን ወድቆ ሳለ ያልነውን ሁሉ ይነግረናል። ሌሊት ዱካክ ይጫነዋል። ጎረቤት የሚጥል በሽታ ነው ይላል፣ አባቱ ስንፍና ይለዋል። አንድ ሐኪም «ናርኮሌፕሲ ሊሆን ይችላል፤ የአንጎል ኬሚካል ማነስ ነው» አሉኝ። ካነሰ በምግብ ወይም በቫይታሚን አይተካም ወይ? በደም ምርመራስ ይታወቃል?
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ናርኮሌፕሲ (ቀን ላይ ሳይፈልጉ እንቅልፍ የሚጥል የአንጎል ሕመም) ነው የሚለው የሐኪሙ ግምት ከገለጹልን ምልክት ጋር ይስማማል። ይሁን እንጂ «ማነስ» የሚለው ቃል ጉዳዩን እንደ ብረት ማነስ በመብል የሚሞላ ስለሚያስመስለው ከእሱ መጀመር ይሻላል። ኬሚካሉ ኦሬክሲን ይባላል፤ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ1998 ለየብቻቸው አግኝተው ለየብቻቸው ስም ስላወጡለት ሃይፖክሬቲን ተብሎም ይጠራል። የሚያመነጩት ሴሎች ሃይፖታላመስ በተባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል ውስጥ ያሉ፣ በአሥር ሺዎች ብቻ የሚቆጠሩ ናቸው። እንደ ልጅዎ በሳቅ መውደቅ ባለበት በአንደኛው ዓይነት ናርኮሌፕሲ የሚጎድለው ጥሬ ዕቃው ሳይሆን ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የሟች ሕሙማንን አንጎል የመረመሩ ሳይንቲስቶች ከእነዚህ ሴሎች ከ85 እስከ 95 በመቶ የሚሆኑት ጠፍተው አግኝተዋል። ስለዚህ ጤፍም ሆነ ቫይታሚን አይመልሰውም። ኦሬክሲንን ራሱን መዋጥም አይረዳም፤ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ይፈጫልና። ሴሎቹን የሚያጠፋው፣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እንደሚያምኑት፣ መንገዱን የሳተ የሰውነት መከላከያ ነው።

ኦሬክሲን ለንቃት ማዕከሎች እንደ ባላ ነው፤ ሲነሣ ንቃቱ ጨርሶ አይፈርስም፣ ግን በትንሽ ግፊት ይዘምማል። ሕልም በምናይበት እንቅልፍ ጊዜ አንጎል ሕልማችንን በአካል እንዳንተውነው ጡንቻዎቻችንን ያዝላል። ባላው ሲጠፋ ይህ መዛል ያለ ጊዜው፣ ሰውየው ነቅቶ ሳለ ይመጣል። በሳቅ ወይም በድንገተኛ ደስታ ሲመጣ ካታፕሌክሲ ይባላል፤ ከእንቅልፍ ሲነቁ ሲመጣ ደግሞ እኛ ዱካክ የምንለው ነው። (ዱካክ ብቻውን ጤነኛውንም ሰው ስለሚይዝ ለብቻው የበሽታ ምልክት አይደለም።) በሽታው በዘር ይተላለፍባቸው የነበሩ የዶበርማን ውሾችም የሚወዱት ምግብ ሲቀርብላቸው በደስታ ይዘረጉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 እንደታወቀው በእነርሱ ላይ የተበላሸው ኬሚካሉ ሳይሆን ተቀባዩ፣ ማለትም ሴሎች የኬሚካሉን መልእክት የሚቀበሉበት ክፍል፣ ነበር።

ልጅዎ ወድቆ ሳለ የተነገረውን መስማቱ ለምርመራው ትልቅ ፍንጭ ነው። የሚጥል በሽታ በመላ ሰውነት ሲነሣ ሕመምተኛው ራሱን ይስታል፣ ከተነሣ በኋላም ግራ ይጋባል፤ በካታፕሌክሲ ግን አእምሮው ንቁ ነው። ለአባቱም ይህን ይንገሩልኝ፦ ሰነፍ ልጅ በሳቅ ጉልበቱ አይከዳውም።

በደም ምርመራ ኦሬክሲንን ለክቶ በሽታውን ማረጋገጥ አይቻልም። የሚለካው ከወገብ በመርፌ በሚቀዳው የአከርካሪ ፈሳሽ ሲሆን፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 110 ፒኮግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እንደጎደለ ይቆጠራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ግን የእንቅልፍ ምርመራ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፉ ይመዘገባል፣ በማግስቱ በየሁለት ሰዓቱ እንዲያሸልብ ይደረጋል። በአማካይ በ8 ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ ከወሰደው፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜም ወዲያው ወደ ሕልም እንቅልፍ ከገባ ናርኮሌፕሲን ያመለክታል። ካታፕሌክሲ በሌለበት ሁለተኛው ዓይነት ናርኮሌፕሲ፣ እንዲሁም ምክንያቱ ባልታወቀው የእንቅልፍ ብዛት፣ ኦሬክሲን አብዛኛውን ጊዜ አይጎድልም፤ ስለዚህ ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ሁሉ ይህ ኬሚካል አነሰው ማለት አይደለም። እንዲያውም የእንቅልፍ እጥረትና በማንኮራፋት መሀል ትንፋሽ መቋረጥ ከዚህ በጣም የተለመዱ ናቸው።

የጠፉትን ሴሎች የሚመልስ ሕክምና እስካሁን የለም። ቀን ለማንቃት ሞዳፊኒልና መሰሎቹ ይታዘዛሉ፤ መውደቁን ለመቀነስ ደግሞ እንደ ቬንላፋክሲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች ያገለግላሉ። እነዚህን በድንገት ማቋረጥ መውደቁን ስለሚያባብሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳያቆማቸው። ቀን ላይ በቋሚ ሰዓት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሸለብም ብዙዎችን ይረዳልና ከትምህርት ቤቱ ጋር ይነጋገሩበት። በሽታው በቁጥጥር ሥር እስኪውል መኪና አይንዳ፣ ብቻውንም አይዋኝ።

ወደ ነርቭ ሐኪም ሲሄዱ ልጁ የተኛባቸውንና የነቃባቸውን ሰዓታት ለሁለት ሳምንት መዝግበው ይያዙ። እህቱም እንደገና ስታስቀው አጠገቡ ሆነው ጭንቅላቱን ከመመታት እየጠበቁ፣ ሌላ ሰው አወዳደቁን በስልክ ይቅረጽ፤ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ላያዩት ይችላሉና።