ክንፉን ለሚያርገበግብ ወፍ፦ ለጅማ ልጆች

ልጆቼ፣ ክንፉን የሚያርገበግብ ወፍ ልትሠሩ ስትነሱ ላባ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ክንፉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንዲመታ እንደምትፈልጉ ወስኑ። ወደ ቦዬ ረግረግ ወርዳችሁ ተመልከቱ፤ ትልልቆቹ ወፎች ረጋ ብለው ነው የሚመቱት። ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ሞዴል በሰከንድ አንዴ፣ ቢበዛ አንዴ ተኩል ይበቃል። ከዚያ ካለፈ መብረሩ ቀርቶ የሚንዘፈዘፍ ይመስላል።

ስለዚህ ከመጫወቻ መኪና የተፈታ ባዶ ሞተር አይሆናችሁም፤ በደቂቃ በሺዎች ይዞራል፣ ጉልበት ግን የለውም። ለሮቦት መኪና የሚውለውን ቢጫ ባለጊር ሞተር፣ ፍጥነቱን 48 ጊዜ የሚቀንሰውን፣ ውሰዱ። ጭነት ሳይኖርበት በ6 ቮልት በደቂቃ 200 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በሁለት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ደግሞ የዚያ ግማሽ ገደማ። ክንፍ ሲሸከም ፍጥነቱ የበለጠ ይቀንሳል፣ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ብዙዎች በሚዞረው ጊር (ባለጥርስ ጎማ) ላይ ከመሃሉ ራቅ ብሎ በተተከለ አንድ ፒን ላይ ሁለት ዘንግ አስረው ሁለቱንም ክንፍ ሊያንቀሳቅሱ ይሞክራሉ። ፒኑ ወደ ቀኝ ሲዞር ዘንጎቹ እኩል ስለማያዘነብሉ አንዱ ክንፍ ሌላውን ይቀድማል፣ ወፏም ያነከሰች ትመስላለች። ከተበላሸ ፕሪንተር 30 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት እኩል ጊሮች ፈልጋችሁ ጎን ለጎን አናክሷቸው፤ ለየክንፉ የራሱ ፒን ይኑረው። ሁለቱም ፒን እኩል አናት ላይ ሲደርሱ አገናኟቸው። 30 ጥርስ ባለው ጊር አንድ ጥርስ መሳት 12 ዲግሪ ማዛባት ነው፣ ዓይን ያየዋል።

ፒኑ ከጊሩ መሃል 10 ሚሊ ሜትር፣ የዘንጉ ቀዳዳ ከክንፉ ማጠፊያ 25 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ክንፉ ወደ ላይም ወደ ታችም 23 ዲግሪ ያህል ይሄዳል። «ትንሽ ሰፋ ይበል» ብላችሁ የዘንጉን ቀዳዳ ከማጠፊያው ወደ 11 ሚሊ ሜትር ካስጠጋችሁት ዘንጉና ክንፉ አንድ መስመር ላይ ወደ መግባት ይቃረባሉ፤ ያኔ ይቆለፋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ የፕላስቲኩም ጥርስ ይላጫል።

ለዘንግ የብስክሌት ጎማ ሽቦ፣ ለአካል በርጩማ ጠራቢዎች የሚጥሉት የዋንዛ ቁራጭ፣ ለክንፍ አጥንት የተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ ለክንፍ ልባስ ፌስታል ይበቃል። ካርቶን ግን ተዉት፤ የጅማ ክረምት እርጥበት ያጣምመዋል። ሽቦ በእንጨት ቀዳዳ ውስጥ በቀጥታ ከዞረ ቀዳዳው በቀናት ውስጥ ይሰፋል፤ የእስክርቢቶ ቀለም ቱቦ ቁራጭ አስገቡበት።

ሞተሩን ከመግጠማችሁ በፊት ጊሩን በጣት አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ ጥፋቱ እዚያው ነው፤ በባትሪ ብዛት አይስተካከልም።

ሞተሩ ክንፍ ሲያነሳ የሚያቃስት፣ ሲያወርድ የሚፈጥን ከሆነ የክንፉ ክብደት ነው የሚጎትተው። ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው፣ በጀርባው ላይ በተተከለ አጭር እንጨት አናት በኩል፣ ቀጭን ላስቲክ ዘርጉ። ልኩን የምታውቁት ዘንጎቹን ፈትታችሁ ክንፎቹን አግድም ስትለቋቸው ሳይወድቁም ሳይነሱም ባሉበት ሲቆሙ ነው።