የጉዞ ወጪ መጠየቅ ልመና አይደለም

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። ጸሐፊዋ የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ኮዱ ለማንም ክፍት ለሆነ አንድ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ያለ ክፍያ ኮድ ሲጽፉ ቆይተዋል። አሁን በውጭ አገር በሚካሄድ ዓለም አቀፍ ኮንፈረንስ ላይ ሥራቸውን እንዲያቀርቡ ተጋብዘዋል። መግቢያው ነፃ ነው፤ ቲኬቱ፣ ቪዛውና ማደሪያው ግን በራሳቸው ነው። በኢንተርኔት ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲያስቡ አባቷ «የሰው ፊት እሳት ነው፤ ልጄ ከምትለምን እኔ ልበደር» አሉ። ወንድሟ ደግሞ «አንዴ ከሄድሽ እዚያው ቅሪ» ይላታል። ከጉዞው ይልቅ ሰርተፍኬት ማውጣት ይሻል እንደሆነ፣ እንግሊዝኛዋ እና ከጉዞው ጋር የሚጋጨው ፈተናዋም ያሳስቧታል። እሷም «ዓይኔን በጨው አጥቤ ልጠይቅ ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ጻፈችልኝ።

ጠይቂ። ያውም ቀና ብለሽ።

የጻፍሽው ኮድ ሰዎች ይሠሩበታል፤ ድርጅቶችም ያተርፉበታል። አንቺ ሳንቲም አልጠየቅሽበትም። ኮንፈረንሶች ለተጓዦች በጀት የሚይዙት አዝነውላችሁ አይደለም። መክፈል የሚችል ብቻ ከመጣ አዳራሹ በየዓመቱ በእነዚያው ሰዎች ይሞላል፤ ሶፍትዌሩም የእነሱን ችግር ብቻ የሚያውቅ ይሆናል። ስለዚህ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ማኅበረሰብ በአሜሪካ ለሚካሄደው ኮንፈረንሱ ለፓይኮን ዩኤስ ተሳታፊዎች የጉዞ ድጋፍ ይሰጣል። ዴብያን የተባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩት ሰዎች ለዓመታዊ ኮንፈረንሳቸው ለዴብኮንፍ ተጓዦች ቲኬት፣ ምግብና ማደሪያ ይሸፍናሉ። የዊኪፔዲያ ሰዎች ኮንፈረንስ የሆነው ዊኪማንያም የራሱ ድጋፍ አለው። ይህ ሁሉ የሚሰጠው ላመለከተ ሰው ነው። ዝም ላለ ሰው ማንም ቲኬት አይቆርጥም።

ወደ ሙያ ምክር ከመምጣቴ በፊት ፕሮግራመር ነበርኩ። እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን በሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥም ሠርቻለሁ። ቶሎ የሚወድቀው «ይህ ዕድል ለወደፊት ሕይወቴ ትልቅ ትርጉም አለው» የሚለው ነው። ሁሉም ይህንኑ ስለሚጽፍ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። የሚያልፈው እንዲህ ያለው ነው፦ «የፕሮጀክቱን የፍለጋ ክፍል የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ ሊንኮቹ እነሆ። በሁለተኛው ቀን ስለዚሁ እናገራለሁ። ቲኬት ይህን ያህል፣ ቪዛ ይህን ያህል፣ መድን ይህን ያህል ነው። ክፍል ከሌላ ተሳታፊ ጋር እጋራለሁ። ይህን ያህሉን በራሴ እችላለሁ፤ የጎደለኝ ይህ ነው።» አየሽ፣ ልመና የሚመስል አንድም ቃል የለበትም። የሥራ ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ኮንፈረንሱን ራሱን ጠይቂ። ቀጥሎ ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድረውን ተቋም፣ ከዚያ ኮዳችሁን የሚጠቀሙ ድርጅቶችን። የኢንተርኔት መዋጮው መጨረሻ ላይ ይሁን። እንዲህ ያለው መዋጮ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው እንደ እናንተው እጅ ባጠራቸው ጓደኞች ላይ ነው። ድርጅት ግን ለዚህ የሚሆን በጀት ሊኖረው ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ብዙ ድጋፍ ሰጪዎች ገንዘቡን የሚመልሱት አንቺ ካወጣሽ በኋላ፣ ደረሰኝ አይተው ነው። ለተማሪ ይህ ድጋፍ እያለ እንደሌለ ነው። «ቀድሜ መክፈል አልችልም፤ ቲኬቱን እናንተ በቀጥታ ልትገዙልኝ ትችላላችሁ?» ብለሽ ጻፊላቸው። ካልተጠየቁ በራሳቸው ላያነሱት ይችላሉ።

አሁን ወደ አባትሽ። አከብራቸዋለሁ፤ ግን በብድሩ ፈጽሞ አልስማማም። አበዳሪስ የሰው ፊት አይደለም? ያውም ወለድ የሚጠይቅ ፊት ነው። ቪዛውስ ቢከለከል? በ2018 (እ.ኤ.አ.) ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ ለተካሄደው ትልቁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮንፈረንስ ለኒውሪፕስ የተጋበዙ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል። ግብዣም ስፖንሰርም በእጃቸው ነበር። ለሸንገን (ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ 90 ዩሮ፣ ለአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ 185 ዶላር ትከፍያለሽ፤ ብትከለከዪም አይመለስም። ቲኬቱ ቀድሞ ተገዝቶ ከሆነ ኪሳራው የት እንደሚደርስ አስቢው። ገንዘቡ የኮንፈረንሱ ከሆነ ኪሳራውን ይካፈልሽ ይሆናል፤ በብድር ከሆነ ግን አባትሽ ከዕዳው ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ። ለጥቂት ቀን ስብሰባ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ አይገባም። ድጋፉ ካልተገኘ ዘንድሮ ይቅር፤ በርቀት ማቅረብ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ።

የምትሄጂው ሸንገን አገር ከሆነ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማመልከት ይፈቀዳል። የመጨረሻው ገደብ 15 ቀን ሲቀረው ነው፤ እስከዚያ ግን አትጠብቂ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድንም ያስፈልጋል። ቪዛው ሳይመታ ቲኬት አትግዢ፤ ቦታ ማስያዝ ብቻ ይበቃል።

ለወንድምሽ የምለው አንድ ነው። የግብዣ ደብዳቤውን የሚፈርሙት አዘጋጆች ስማቸውን ላንቺ ዋስ አድርገው ነው። «እመለሳለሁ» ብለሽ በሰው ገንዘብ ሄደሽ ብትቀሪ፣ በሚቀጥለው ዓመት ካንቺ አገር የሚያመለክተው ልጅ ላይ በሩን ትዘጊበታለሽ። ውጭ መሥራት ከፈለግሽ የሥራ ቪዛ አለ። ለዚያ የሚያበቃሽን ሰው የምታገኚውም እዚያው ኮንፈረንስ ላይ ሊሆን ይችላል።

«ለዚህ ከምለፋ ሰርተፍኬት ላውጣ?» ላልሽው፣ እኔ ኮንፈረንሱን እመርጣለሁ። ያገኘኋቸው ሥራዎች የመጡት ኮዴን ከሚያውቁ ሰዎች ነው። እንግሊዝኛሽ አያሳስብሽ፤ ስላይድሽን ጮክ ብለሽ ተለማመጂ። ስለ ፈተናው የግብዣ ደብዳቤውን ይዘሽ በዚህ ሳምንት የትምህርት ክፍሉን አነጋግሪ፤ ጥያቄሽንም በጽሑፍ አስገቢ።

የመጨረሻው ነገር በደብዳቤሽ ውስጥ የለም፤ እኔን ግን ያሳስበኛል። ሦስት ናችሁ። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ ቢበቃ ማን ይሄዳል? ሁለታችሁ ቪዛ አግኝታችሁ አንዷ ብትከለከልስ? ገንዘብ ከገባ በኋላ ይህን መነጋገር ጓደኝነት ያፈርሳል። ስለዚህ አንድም ጥያቄ ሳትልኩ ተቀመጡና ጻፉት። ገንዘቡ በማን ስም እንደሚቀመጥና የተከለከለው ሰው ድርሻ ለለጋሾቹ ይመለስ ወይስ ለሚቀጥለው ዓመት ተጓዥ ይቆይ፣ እሱም ይግባበት። ለጋሾቹ ከመስጠታቸው በፊት ያንን ወረቀት ያንብቡት።