የ«ሳይኮ» ሙዚቃ ለምን ተጎተተብህ?

ያወረድከው ሙዚቃ ተጎትቶብህ ፋይሉ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠይቀኸኛል፤ አልተበላሸም። የሂችኮክ ፊልም የ«ሳይኮ» ሙዚቃ ከፊልሙ ይልቅ የዘገየብህ፣ የያዝከው በ1975 እ.ኤ.አ. እንደገና የተቀረጸው ስለሆነ ነው። አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ራሱ ናሽናል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራን እየመራ ቀረጸው። ከ1960ው ፊልም በጣም ዝግ አድርጎታል።

ወደ ፊልሙ ፍጥነት የሚጠጋ ከፈለግህ፣ የኦርኬስትራ መሪው ጆኤል ማክኒሊ ከሮያል ስኮቲሽ ናሽናል ኦርኬስትራ ጋር የሠራውን ፈልግ። የኸርማንን ግን እንዳታጠፋው! ሙዚቃው በባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ የተሠራ ነው፤ ዝግ ሲል የቼሎውና የባሱ ጉርምርምታ አንድ በአንድ ይሰማል። እኔ ማታ ማታ የምሰማው እሱን ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ሽፋኑ ላይ የአቀናባሪውን ስም ስላየህ ብቻ የፊልሙ ቅጂ ነው ብለህ እንዳትገዛ። እኔ ኸርማን ለሌላው የሂችኮክ ፊልም ያቀናበረውን የ«ቨርቲጎ»ን ሙዚቃ እንደዚያ ገዝቼ ተሸውጃለሁ። የ«ቨርቲጎ»ን የፊልም ቅጂ የመራው ኸርማን ሳይሆን ሙር ማቲሰን ነው። የመሪውን ስም፣ ኦርኬስትራውንና የተቀረጸበትን ዓመት አይተህ ግዛ።