«ባልየው መቼ ይምታት?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ማታ አየሁትና ሳልመልስ መተኛት አቃተኝ። ጎንደር ላይ የሚካሄድ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ጀምረሻል፤ ባልና ሚስቱ አገር የሚቀናባቸው ናቸው፤ በር ሲዘጋ ግን ሰውየው ሚስቱን ያሠቃያታል። «የመጀመሪያውን ዱላ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ላምጣው?» ነው ያልሽው። እኔ ይህንኑ ዓይነት መጽሐፍ ጽፌ፣ በራሴ ገንዘብ አሳትሜ፣ ፒያሳ ላይ በአዟሪ ክንድ ተደርድሮ አይቼዋለሁ። እንግዲህ ስለ ታሪክ አጀማመር፣ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ምናምን አላደክምሽም።

1. ዱላውን አታስቸኩዪው። ጭራሽ ባይመጣም ግድ የለም። የእኔ አርታኢ ረቂቁን ሲመልስልኝ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ታዲያ ምን አደረጋት?» ብሎ ጽፎበት ነበር። ምን እንዳደረጋትማ ገጹ ላይ አለ! ባልየው በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ይደውልላታል። «በላሽ ወይ የኔ እመቤት?» ይላታል። እሷ ስልኩን ታዞረዋለች፤ ሳህኑን ታሳየዋለች፣ ከዚያ በግራ የተቀመጠውን፣ በቀኝ የተቀመጠውን፣ ከፊት ያለውን። የቢሮው ሰው እጁን እያወዛወዘ «ሰላም ጋሼ!» ይለዋል። ስልኩ ሲዘጋ «ታድለሽ!» ይሏታል። አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረ ልጅ አጠገቧ ይቀመጣል። ስልኩ ሊጮህ ጥቂት ሲቀረው ሳህኗን አንስታ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ትሄዳለች። ማንም ለምን አይላትም፤ ልጁ ብቻ ብብቱን ያሸታል፣ ላብ ላብ ሸትቼ ይሆን ብሎ።

አርታኢው ይህን ክፍል «ታሪኩን ያዘገያል» ብሎ ከላይ እስከ ታች ሰረዘው። በምትኩ ቀበቶ እንዳመጣ መከረኝ። መልሼ አስገባሁት፣ ክፍያውንም ከፍዬ ተሰናበትኩት። ዛሬ መጽሐፉን አንብበው የሚያስቆሙኝ ሴቶች የሚያነሱልኝ ያንን ሳህን ነው። አንዷ ማራኪ ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ አግኝታኝ «እኔም እኮ ወንበር እመርጣለሁ» አለችኝና ገብታ ሄደች።

2. የፈረንጁን ስልት እንዳለ አታምጪው። የዚህ ዘውግ ጸሐፊዎች ሁሉ የሚመለሱበት የፓትሪክ ሃሚልተን «ጋዝ ላይት» የተባለ ተውኔት አለ፤ በ1938 (እ.ኤ.አ.) የተጻፈ፣ በ1944 ኢንግሪድ በርግማን የሠራችበት ፊልም የሆነ። ባልየው ማታ ማታ ፎቅ ላይ በስውር መብራት ሲያበራ ታች ያለው የጋዝ መብራት ይፈዛል፤ ሚስቲቱ «ፈዘዘ» ስትል «ያንቺ ጭንቅላት ነው» እያለ ሊያሳብዳት ይሞክራል። እሺ፣ ይህን ጎንደር አምጪውና ሞክሪው። «መብራት ፈዘዘ» ብትል ጎረቤቷ በአጥር ላይ «እኛም ቤት!» ትላታለች፤ አለቀ። እዚህ ሰው በመብራት መፍዘዝ ራሱን አይጠራጠርም። ሰውየው የሚነካካው በራሱ የማይበላሽ ነገር ይሁን፦ የሌማቱ ክዳን፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ፣ ለእናቷ ልትልከው የቆጠረችው ብር።

ደግሞ በፈረንጆቹ ልቦለድ ቤቱ ጭር ያለ ነው፤ በዛፍ የተከበበ፣ ብትጮኺ የማይሰማበት። የእኛ ግቢ ውስጥ ተከራይ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ «ቡና ደርሷል» የምትል ጎረቤት አለች። እና ምስጢሩ የሚጠበቀው በሰው መሀል ነው። ለአንባቢ የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ሁሉም እያየ ማንም አያይም። ባልየው የእድሩን ድንኳን ሲተክል የመጀመሪያው ነው። አማቱን በየወሩ ሐኪም ቤት ይወስዳል። ሽማግሌ ሲገባ ቀድሞ ጉልበት የሚስመው እሱ ነው፤ አልቅሶም ያስለቅሳቸዋል፤ ደረቅ ዓይኗን ይዛ የተቀመጠችው እሷ ኩሩ ትመስላለች።

ባዶ ግቢ የግድ ካስፈለገሽ ከተራን ተጠቀሚበት። ጥር 10 ታቦታቱ ወርደው ፋሲል መዋኛ ሲያድሩ ሰፈሩ ተገልብጦ ይወጣል፤ ተከራዩም፣ ሠራተኛዋም፣ ቡና ጠሪዋም ከጃንጥላው ሥር ናቸው። ያን ሌሊት «ትንሽ አሟታል፣ እኔ እጠብቃታለሁ» ብሎ ቤት ይቅር። ጥር 11 ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሰው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ውኃው ዳር ይታዩ። በመሀል ምን እንደሆነ አትጻፊ። እኔ አልጻፍኩም። ወንዶቹ አንባቢዎች «ገጽ ጎድሏል ወይ?» ብለው ማተሚያ ቤት ሊደውሉ ምንም አልቀራቸው።

3. ሕጉን አንብቢ፤ ከዚያ ግን ሄደሽ ቢሮ ተቀመጪ። ሕጉ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ሲያነሳ የአካል ጤናን ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ጤናንም ይጠቅሳል። አንቀጽ 620 ደግሞ አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጭ ባለ ግንኙነት ነው፤ ስለዚህ ጠበቃ ገጸ ባሕርይ ካለሽ መኝታ ቤት ውስጥ የሚሆነውን እንደ ውጭ ፊልም ፍርድ ቤት ይዛ አትሩጥ። እንግሊዝ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያለ ዱላ ሚስትን አስጨንቆ መቆጣጠርን ራሱን ችሎ ወንጀል አድርጋዋለች፤ የእነሱ መጽሐፍ መርማሪ ፖሊስ መጥቶ ቢጠናቀቅ ምክንያት አለው።

ይህን ሁሉ በወረቀት ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሄድኩት። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንዲት ሴት «ባሌ አልመታኝም፣ ግን ሊያሳብደኝ ነው» ብላ ብትመጣ ምን ይጠይቋታል? ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰውዬ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ተበዳይዋ አንቺ ነሽ?» አለኝ። «አይደለሁም፣ መጽሐፍ ልጽፍ ነው» ስለው «እና እኛን ምን አድርጉ ነው የምትይን?» ብሎ ወደ አግዳሚው አመለከተኝ። ተቀመጥኩ።

እግዜር ሲሰጥ፣ እዚያው እያለሁ አንዲት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች ሴት ገባች። «ደምተሻል?» አላት። «አልደማሁም።» «የተሰበረ አለ?» «የለም።» «የሐኪም ማስረጃ?» ዝም። ከዚያ የባሏን ስም ጠየቃት፤ ስትነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን አስቀመጠ። ፊቱ በራ! «እሱን ነው? የኔ እህት፣ እሱን የመሰለ ሰው? ያባቴን ለቅሶ ብቻውን የተሸከመውን?» ሻይ ሁሉ ሊያዝላት ነበር። «በሽማግሌ ጨርሱት» ብሎ በሩን ከፈተላት። እኔ ተነስቼ ወረቀቴን ዘረጋሁና «አንቀጽ 564 እኮ የአእምሮ ጤና ይላል» አልኩት። «ጠበቃ ነሽ?» አለኝ። «አይደለሁም።» «እንግዲያው ልቦለድሽን ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩታ! ምዕራፍ ዘጠኝ እሱ ነው፤ መልኩንም፣ ወንበሩንም፣ የሴትየዋንም ነገር እንዳይታወቅ ቀይሬ። ሰው የሚያለቅሰውም እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የማስጠነቅቅሽ፦ ያንን ሰውዬ ክፉ አድርገሽ አትሳዪው። እኔ ገና እስካሁን እንደተናደድኩበት ነው፣ መጽሐፉ ላይ ግን ከልቡ ደግ ነገር የሠራ የመሰለው ሰው ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ምግብ በማሳረር ወይም ሳይናገሩ በመውጣት ዓይነት ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ከሴቶቹ 63 በመቶ፣ ከወንዶቹ 28 በመቶ ነበሩ። ሴቶቹ! ጎረቤቷን፣ አክስቷን፣ እናቷን ስትጽፊ ይህ ቁጥር ከፊትሽ ይሁን። በእኔ መጽሐፍ ጨካኝ ንግግር የምትናገረዋ እናት ናት፤ የምትናገረውም ገንፎ እያገነፋች፣ በፍቅር ነው።

4. ውክልና። ይህን በነፃ ነው የምሰጥሽ። የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ስለሚያስፈልግ ሰውየው ፊርማዋን ማግኘት አለበት። አያስፈራራትም። «ወረፋ ምን ያንከራትትሻል፣ እኔ ልንከራተትልሽ» ይላታል። እሷም እንደ ተወደደች ተሰምቷት ውክልናውን ትፈርምለታለች። አንባቢው «አትፈርሚ!» ብሎ ገጹ ላይ መጮህ አለበት።

5. ሰው ታሪኩን ያንቺ ነው ይላል፤ ይህን ከአሁኑ ለባልሽ ንገሪው። መጽሐፌ በወጣ ሰሞን አንድ ለቅሶ ቤት አክስቴ ባሌን አጠገቧ አስቀምጣ እጁን ገልብጣ ገልብጣ አየችው። ምን እንደምትፈልግ እንጃ። እሱ የዋህ «ሪህ አለብህ ልትለኝ ነው» ብሎ ዝም አላት። በኋላ ሲገባው ለአንድ ሳምንት ከእኔ ጋር ፒያሳ ለመውጣት አፈረ፤ አንድ ነገር ቢገዛልኝ «ይኸው፣ እንደ መጽሐፉ!» ይሉታል ብሎ። ስለዚህ ለባለታሪክሽ ባልሽ የሌለውን ሙያ፣ ባልሽ የሌለውን ቁመት ስጪው። ስሙንም ከተማው ውስጥ ሞልቶ የተረፈ ስም አድርጊው፤ ብርቅ ስም ያለው ሰው ይከስሻል።

ስለ ማተሚያ ቤት ብዙ አልልም፣ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት የወረቀቱን ዋጋ በጽሑፍ አስፈርሚ፣ በቃ። ምዕራፍ አንድን ስትጨርሺ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አነበዋለሁ። አርታኢ ስትፈልጊም ጠይቂኝ፤ ማን ጋ እንዳትሄጂ እነግርሻለሁ።